ሌዘር ፊትዎን ከመንካቱ በፊት

ለፊት ቆዳ የሚሰጡ የብርሃን ሕክምናዎች ስማቸው ቢበዛም አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ብርሃኑ ወደ ቆዳ ይገባል፤ የሚስማማውን ቀለም ሲያገኝ ይመጠጣል፤ ወደ ሙቀትም ይለወጣል። ሙቀቱ የታለመውን ነገር ብቻ ከመታ ሕክምና ይሆናል፤ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ከመታ ግን ቃጠሎ ነው። ቆዳቸው ጠይም ወይም ጥቁር የሆኑ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ሳያውቁ የሕክምናው ወንበር ላይ ባይቀመጡ ይሻላል፤ መሣሪያው የሚፈልገው ቀለም በመላ ፊታቸው ላይ አለና።

ብርሃኑ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ቆዳ ውስጥ ብርሃን የሚመጥጡ ሦስት ዋና ነገሮች አሉ፤ ለቆዳና ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን፣ ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን እና ውኃ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚመታ የሚወስነው በናኖሜትር የሚለካው የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። 532፣ 585 እና 595 ናኖሜትር በሄሞግሎቢን አጥብቀው ስለሚመጠጡ በጉንጭና በአፍንጫ ዳር ለሚታዩ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ያገለግላሉ። 755 የሆነው አሌክሳንድራይት፣ 810 አካባቢ ያለው ዳዮድ እና 1064 የሆነው ኤንዲ ያግ የተባሉት ሌዘሮች በብዛት የሚሠሩት ሜላኒን ላይ ነው፤ ፀጉር ለማስወገድ የሚውሉትም እነዚህ ናቸው። 2940 ናኖሜትር ያለው ኤርቢየም ያግ እና 10600 ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ውኃን ስለሚያተኑ የቆዳውን ገጽ በቀጭን በቀጭኑ ያነሣሉ።

አይ ፒ ኤል በብዙ ቦታ ሌዘር እየተባለ ቢሸጥም ሌዘር አይደለም። ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር የሚደርስ ድብልቅ ብርሃን በአንድ ብልጭታ የሚለቅ መብራት ነው፤ አጭር ሞገድ ያላቸውን ብርሃኖች ማጣሪያ ይቆርጣቸዋል። ለነጣ ቆዳ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለጥቁር ቆዳ ግን አደገኛ ነው፤ ከሚለቀው ብርሃን ብዙው የላይኛው ቆዳ ሜላኒን ላይ ይቀራል።

ከሞገዱ ቀጥሎ ወሳኙ ነገር ጊዜ ነው። ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ በ1983 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንድን ነገር ዙሪያውን ሳይጎዱ ለማቃጠል ብልጭታው ያ ነገር ከሚቀዘቅዝበት ጊዜ ማጠር አለበት። ጠጠር ከቋጥኝ ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ ትናንሽ ነገሮች ሙቀታቸውን ቶሎ ይለቃሉ። የሜላኒን ከረጢት የሚቀዘቅዘው ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ባልራቀ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጥቁር ነጠብጣብንና ንቅሳትን ለመሰባበር በናኖሰከንድ ወይም በፒኮሰከንድ የሚለካ እጅግ አጭር ብልጭታ ያስፈልጋል። የላይኛው ቆዳ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይቀዘቅዛል። የፀጉር ሥር ግን አሥር፣ አንዳንዴም መቶ ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የጥቁር ቆዳ ሕክምና የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ብልጭታው ረዘም ሲል የላይኛው ቆዳ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ የፀጉሩ ሥር ግን እንደጋለ ይቆያል።

በጁል በካሬ ሴንቲሜትር የሚለካው የኃይል መጠን ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ቢሆንም ብቻውን ምንም አይነግርም። ተመሳሳይ ቁጥር በሁለት መሣሪያዎች ላይ ፈጽሞ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ብርሃኑ የሚያርፍበት ክብ ሲሰፋ ጠልቆ ይገባል፤ ሲጠብ ከላይ ይበተናል። የማቀዝቀዣው ዓይነትም ውጤቱን ይለውጠዋል፤ ቆዳውን የሚነካ ቀዝቃዛ መስታወት፣ የሚረጭ ቀዝቃዛ ጋዝ ወይም የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር ሊሆን ይችላል። የሚረጨው ጋዝ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ቆዳን አቁስሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ

ሐኪሞች ቆዳን ከ1 እስከ 6 በሚዘልቀው የፊትዝፓትሪክ ሚዛን ይመድባሉ። 1 ሁልጊዜ በፀሐይ የሚቃጠል እንጂ የማይጠቁር ቆዳ ነው፤ 6 ደግሞ በጣም ጥቁር ሆኖ ከቶ የማይቃጠል። ከ4 ጀምሮ ያሉ ሰዎች ሁለት ጉዳዮች ያሳስቧቸዋል። አንደኛው ቃጠሎ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የተለመደው ቆዳው ከተቆጣ በኋላ የሚመጣው ጥቁረት ነው። ይህ ጥቁረት ሕክምናው በተደረገበት ቀን አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ብቅ ይላል፣ ለመጥፋትም ወራት ይወስዳል። «ምንም አልሆንኩም» ብሎ በሳምንቱ ሁለተኛ ዙር የሚያስደርግ ሰው የመጀመሪያው ዙር ያደረሰበትን ገና አላየም።

የሞገድ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ሜላኒን የሚመጥጠው ብርሃን ይቀንሳል። 1064 የሆነው ኤንዲ ያግ ለ5 እና ለ6 የቆዳ ዓይነት ፀጉር ማስወገጃ ቀዳሚ ምርጫ የሆነውም ለዚህ ነው፤ የላይኛውን ቆዳ በብዛት አልፎ ሥሩ ላይ ይደርሳል። ዳዮድም ረጅም ብልጭታና ጥሩ ማቀዝቀዣ ካለው በሠለጠነ እጅ ይሠራል። አሌክሳንድራይትና አይ ፒ ኤል ግን ለዚህ ቆዳ አይመረጡም። ቆዳዎ ጥቁር ሆኖ ሳለ አይ ፒ ኤል ለፀጉር ወይም ለማዲያት ከቀረበልዎ እንዳይቀበሉ አጥብቀን እንመክራለን።

ለየትኛው ችግር የትኛው ብርሃን?

ከሁሉ አስቀድሞ ማዲያት፤ ሰው ሌዘር ፍለጋ የሚሄድበት ዋና ምክንያት እሱ ነው፣ ሌዘር በብዛት የሚያባብሰውም እሱን ነው። ማዲያት ቆዳ ላይ ተቀብቶ የቀረ ቀለም ቢሆን ኖሮ አንዴ ተጠርጎ በጠፋ ነበር። ነገር ግን ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት በሆርሞን፣ በፀሐይና በሙቀት እየተነሣሡ ሳያቋርጡ ያመርታሉ። ሌዘሩ ያለውን ቀለም ይሰብራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሕዋሳቱን መልሶ ይቀሰቅሳል። ውጤቱ ለጥቂት ሳምንታት የጠራ ፊት፣ ከዚያ ከቀድሞው የባሰ ጥቁረት ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ በዝቅተኛ ኃይል የሚሰጠው የ1064 ሌዘር ሲደጋገም በጥቁሩ መካከል ለማከም የሚያስቸግሩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ሊተው ይችላል። የማዲያት ሕክምና የሚጀመረው በፀሐይ መከላከያና በሐኪም በሚታዘዝ ቅባት ነው፤ ከእነዚህም ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና አዜላይክ አሲድ ይገኙበታል። የሚዋጥ ትራኔክሳሚክ አሲድም አለ፤ ነገር ግን ደም የመርጋት ታሪክ ላለው ሰው አይሰጥም። ሌዘር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያውም ቅባቱ ሳይቋረጥ።

ለፊት ፀጉር መጠበቅ ያለብዎት መቀነስን ነው፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋትን ቃል የሚገባ ሰው ልክ አይደለም። ሌዘር የሚሠራው በማደግ ላይ ባለ ፀጉር ላይ ነው፤ በአንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም አያድግም። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ዙር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ያስፈልጋል። ነጭና ሽበት ፀጉር ቀለም ስለሌለው አይነካም። በአገጭና በጉሮሮ ላይ ድንገት ወፍራም ፀጉር የበቀለባት፣ የወር አበባዋም የተዛባ ሴት አስቀድማ የሆርሞን ምርመራ ታድርግ፤ ምክንያቱ ካልታከመ ሌዘሩ ማለቂያ የለውም። ሌላም የሚያስገርም ችግር አለ፤ በአገጭ ዙሪያና በአንገት ላይ ያለው ስስ ጸጉር በደካማ ኃይል ሲመታ በመርገፍ ፈንታ ወፍሮ ሊበቅል ይችላል። ስስ ላባ ፀጉርን በሌዘር አለመንካት ይሻላል። ጺም በተላጨ ቁጥር ወደ ቆዳ ውስጥ እየታጠፈ ለሚበቅልባቸውና ፊታቸው በእብጠት ለሚሞላ ወንዶች ግን 1064 በእውነት የሚያሳርፍ ሕክምና ነው።

ለብጉር ጠባሳ የሚውለው ፍራክሽናል የሚባለው ሌዘር ነው። ብርሃኑ በጥቃቅን ነጥቦች ተከፋፍሎ ያርፋል፤ በነጥቦቹ መካከል ሳይነካ የቀረው ቆዳ ቁስሉን ቶሎ ያድናል። ጥቁር ቆዳ ላይ ከነጥቦቹ ጥልቀት ይልቅ ብዛታቸው የበለጠ ጥቁረት ያመጣል፤ ስለዚህ ነጥቦቹ ጥቂት፣ ዙሩም ከ3 እስከ 5፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ወር ይሁን። ጠባብና ጥልቅ፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስለው ጠባሳ ለዚህ ሌዘር እምብዛም አይታዘዝም፤ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። ብጉሩ ገና ንቁ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታከም።

ለቀይ የደም ሥሮች ከ2 እስከ 4 ዙር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። 595 የሆነው ሌዘር የተመታውን ቦታ ለአንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ለሁለት፣ ሐምራዊ ሊያደርገው እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

ኤል ኢ ዲ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አያቃጥልም፤ ደካማ ብርሃን ነው። 415 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን የብጉር ባክቴሪያ የሚያመርታቸውን ቅንጣቶች አነቃቅቶ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ 630 አካባቢ ያለው ቀይና 830 አካባቢ ያለው የማይታይ ብርሃን ቁጣን ያበርዳሉ። ውጤቱ መጠነኛ ነው፤ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለ8 እስከ 12 ሳምንት ካልተደገመ አይታይም። ማዲያት ያለበት ወይም ቶሎ የሚጠቁር ቆዳ ያለው ሰው ከሰማያዊው ይራቅ፤ ያው ሰማያዊ ብርሃን ጠይምና ጥቁር ቆዳን ያጠቁራል። ቀዩ ይህን አያደርግም።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት

ፊትዎ ላይ ያለውን ነገር ምንነት መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይወስን። መጠኑ፣ ቅርጹ ወይም ቀለሙ እየተለወጠ ያለ ጥቁር ነጥብ ሳይመረመር በሌዘር መመታት የለበትም፤ ካንሰር ከሆነ ላዩ ይጠፋና ሥሩ ተደብቆ ያድጋል።

ባለሙያውን አራት ነገር ይጠይቁ፤ የመሣሪያው ዓይነትና የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው? ለእኔ ዓይነት ቆዳ የብልጭታው ርዝመት ስንት ይሆናል? ማቀዝቀዣው ምን ዓይነት ነው? ቢቃጠል የሚያክመኝ ማነው? «ለሁሉም ቆዳ ይሆናል» የሚል መልስ መልስ አይደለም። የሞገዱን ቁጥር የማያውቅ ሰው መሣሪያውን የሚነዳው ፋብሪካው በሞላለት አዝራር ነውና ፊትዎን አይስጡት።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። ዶክሲሳይክሊንና አሚዮዳሮን ቆዳን ለብርሃን ያስቆጣሉ። አይሶትሬቲኖይን ለሚወስድ ሰው ቆዳ የሚያነሡ ሌዘሮች ብዙውን ጊዜ ለ6 ወር ያህል ይዘገያሉ። ወርቅ ያለበት የመገጣጠሚያ መድኃኒት በሕይወቱ አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ኪው ስዊችድ በሚባለው፣ በናኖሰከንድ የሚለካ አጭር ብልጭታ ባለው ሌዘር ሲመታ ቆዳው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ሊለወጥና በዚያው ሊቀር ይችላል። ጠባሳው የሚያብጥ፣ ኬሎይድ የሚያወጣ ሰው፣ ከንፈሩ ዙሪያ ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚመላለስበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር እንዲሁም ቆዳ ለማቅላት ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ቅባት የተቀባ ሰው ሳይደብቁ ይናገሩ። በስቴሮይድ የሳሳ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል፤ ቀስ በቀስም ይድናል። ቅንድብ ወይም ከንፈር ላይ ንቅሳት ካለ ብርሃኑ እንዳያርፍበት ያስጠንቅቁ፤ ነጭና የቆዳ ቀለም ያለው ማቅለሚያ በአንድ ብልጭታ ወደ ጥቁር ሊለወጥ ይችላል።

ከዚያ የሙከራ ምት። ከጆሮ ፊት ወይም ከመንጋጋ ሥር ጥቂት ብልጭታ ይመታና ይጠበቃል። ቃጠሎን ለማየት 48 ሰዓት ይበቃል። ጥቁረትን ለማየት ግን አራት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ይህን ያህል መጠበቅ አለበት። ብዙ ቦታ ይህ እርምጃ ለደንበኛው ጊዜ ሲባል ይዘለላል፤ ከሁሉ የሚጎዳውም መዝለሉ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው አንድ ወር ከፀሐይ ይጠበቁ። ፀሐይ ያጠቆረው ቆዳ ከወትሮው በላይ ብርሃን ይመጥጣል። ለፀጉር የሚሄዱ ከሆነ ለአራት ሳምንት በክር፣ በሰም ወይም በወረንጦ አይንቀሉ፤ ሥሩ ከሌለ የሚመታ ነገር የለም። መላጨት ግን ይቻላል፤ ከአንድ ቀን በፊት መላጨትም ያስፈልጋል፤ ላይ የቀረ ፀጉር ሲቃጠል ቆዳውን ይዞ ነው። ሬቲኖይድ (እንደ ትሬቲኖይን ያለ) እና አሲድ ያለባቸውን ቅባቶች ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቀድመው ያቁሙ።

በዕለቱ

ሜካፕ፣ ቅባት፣ ሽቶ አይኑር። የዓይን መከላከያው ለዚያው ሞገድ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለ1064 የተሠራ መነጽር ለ755 ላይጠቅም ይችላል። ዓይን መጨፈን መከላከያ አይደለም፤ ብርሃኑ በዓይን ቆብ ያልፋል። የ1064 ብርሃን አይታይም፤ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሲያቃጥልም ላያምም ይችላል። ከቅንድብ አጥንት በታች ያለው ፀጉር በተራ መነጽር አይነካም፤ ለዓይን ቆብ ራሱ ከሥሩ የሚገባ የብረት ሽፋን ያስፈልጋል።

ማደንዘዣ ቅባት ከተቀባልዎ ከብልጭታው በፊት ሙሉ በሙሉ ይጠረግ። ለፀጉር ሲሆን ባይቀቡ እንመርጣለን፤ ሕመም ማስጠንቀቂያ ነው። እንደ ላስቲክ ምት ቶሎ የሚያልፍ መቆንጠጥ ጤነኛ ነው። በየምቱ የሚጨምርና የማይበርድ ግለት ከተሰማዎ «ያቁሙ» ይበሉ። ከፀጉር ሌዘር በኋላ በየፀጉሩ ሥር ትንሽ እብጠትና ቅላት መታየቱ ጥሩ ምልክት ነው። በፀጉር ሕክምና ወቅት ቆዳው ከነጣ ወይም ወደ ግራጫ ከተለወጠ ግን ተቃጥሏል፤ ወዲያው ይቀዝቅዝ፣ ሕክምናውም ይቁም። የእጀታው ጫፍ ቅርጽ ፊት ላይ ታትሞ ከቀረ ኃይሉ በዝቷል ወይም ቆዳው ላይ የሚቀባው ጄል አንሷል፤ እጀታው ዘንበል ብሎ ጠርዙ ብቻ ነክቶም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ

ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዙበት፤ በረዶ በቀጥታ አያድርጉ። ለሁለት ቀን ከሳውና፣ ከሙቅ ውኃና ከከባድ ስፖርት ይራቁ። በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ፤ ቆዳው ከተነሣ ደግሞ እስኪድን ድረስ በቫዝሊን ያርጥቡት፤ ደርቆ ቅርፊት እንዲሠራ አይተዉት። ቅርፊት ካለ አይላጡት። ማሻሻ፣ አሲድና ሬቲኖይድ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆዩ፤ ፍራክሽናል ከሆነ ሐኪሙ እስኪፈቅዱ።

የፀሐይ መከላከያው ከሁሉ ይበልጣል። ኤስ ፒ ኤፍ የሚባለው የጥበቃ ቁጥሩ 30 ወይም 50 ይሁን፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት የተጨመቀ ያህል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ከዚህ ግማሹን እንኳ አይቀባም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ጥበቃ አያገኝም። በየሁለት ሰዓቱ ይደገም። ለማዲያትና ለጥቁር ቆዳ አይረን ኦክሳይድ ያለበትን ባለ ቀለም መከላከያ ይምረጡ፤ ነጩ ቅባት የሚታየውን ብርሃን አይዝም፣ ያ ብርሃን ደግሞ ያጠቁራል።

ቅላት ለአንድ ሁለት ቀን የተለመደ ነው። ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚጨምር ሕመም፣ መግል ወይም በከንፈር ዙሪያ የተሰበሰቡ ትናንሽ ውኃ ያዘሉ ነጥቦች ሲታዩ በዚያው ቀን ሐኪም ያግኙ። የዓይን ሕመም፣ ብዥታ ወይም ብርሃን መፍራት ከተሰማ ወዲያው ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። ጥቁረቱ በሦስተኛው ሳምንት ብቅ ካለ ሌላ ዙር በላዩ አያስደርጉ፤ የፀሐይ መከላከያና የሐኪም ቅባት ይዘው እስኪጠፋ ይጠብቁ።

ቤት ውስጥ የሚሠራባቸው የፀጉር ማስወገጃዎች አብዛኞቹ አይ ፒ ኤል ናቸው። ብዙዎቹ የቆዳ ቀለም መለኪያ አላቸውና ቆዳው ሲጠቁርባቸው አይተኩሱም። ነጣ ያለ ቦታ አስነክቶ ከዚያ ወደ ጥቁሩ ማዛወር ራስን ማቃጠል ነው። ጥቁር ነጥብ፣ ንቅሳትና የዓይን አካባቢ ላይ በፍጹም አይጠቀሙባቸው።

በየዙሩ መጨረሻ የመሣሪያው ስም፣ የሞገዱ ርዝመት፣ የኃይሉ መጠን፣ የብልጭታው ርዝመትና የክቡ ስፋት በወረቀት ተጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በተመሳሳይ ብርሃን የተነሣ ፎቶም ከእሱ ጋር ያስቀምጡ። ሌላ ቦታ ለመታከም ቢሄዱ አዲሱ ባለሙያ ከባዶ እንዳይጀምር፣ ቃጠሎ ቢደርስም የሚያክሙዎ ሐኪም ምን እንደመታዎ እንዲያውቁ የሚረዳው ያ ወረቀት ነው።